ከግሪንቤልት ተነስቶ የሰዓሊዎችን ስቱዲዮ መጎብኘት፦ ያለ መኪና፣ ያለ መግቢያ ክፍያ

ዛሬ ከአገር ቤቱ ፖለቲካ ለአንድ ቀን እንረፍ። የምናወራው ስለ ሥዕል ነው፤ ከሥዕሉም ይልቅ ስለ መንገዱ።

በቅርቡ አንድ ወንድማችን ደወለልን። ግሪንቤልት ነው የሚኖረው፣ ኡበር ይነዳል። "አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ያለውን የቶርፒዶ ፋብሪካ ታውቁታላችሁ?" አለን። እናውቀዋለን አልነው። "ስድስት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ሰው ሳወርድ ኖሬያለሁ። የጦር መሣሪያ ሙዚየም ነበር የሚመስለኝ። መግቢያውም ሃያ ምናምን ዶላር ይሆናል ብዬ ደምድሜ ነበር። ለካ ሰዓሊዎች ቁጭ ብለው የሚሠሩበት ቤት ነው! ለካ በነፃ ነው የሚገባው!"

የደወለው ግን ስለ ሕንፃው ሊነግረን አልነበረም። ስለ ልጁ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስትስል ነው የምትውለው። አስተማሪዋ "ሃይስኩል ስትገባ የሥነ ጥበብ ፕሮግራም ላይ ታመልክት" ብላቸዋለች። እናትና አባት በዚህ ጉዳይ መግባባት አልቻሉም። እሱ "ሥዕል እንጀራ አይሆንም" ባይ ነው። ባለቤቱ ደግሞ "መጀመሪያ እንይ እንጂ" ትላለች። "እውነቱን ልንገራችሁ፣" አለን፣ "ሰዓሊ የሚባል ሰው እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚተዳደር አይቼ አላውቅም። ሳላይ እምቢ ብል ደግሞ ነገ ልጄ ትወቅሰኛለች። ታዲያ ቅዳሜና እሁድ መኪናው ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ፣ እናቷና አማቴ በባቡር እንዴት ይሂዱ? እዚያስ ሲደርሱ ዝም ብሎ ይገባል እንዴ?"

እኛም ጥያቄውን ይዘን ወጣን። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ዞርን። የሚከተለው ለእሱ የሰጠነው መልስ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ላላችሁ እንዲሆን አድርገን ጻፍነው።

ከደጃፋችሁ እንጀምር፦ ግሪንቤልት

ግሪንቤልት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አረንጓዴው የባቡር መስመር የሚያበቃበትን ጣቢያ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቱንና ቤልትዌዩን ነው። እዚያው ግሪንቤልት ውስጥ አፓርትመንት ተከራይተው አሥር ዓመት የኖሩ ሰዎች አሮጌውን ግሪንቤልት አንድም ቀን ረግጠውት እንደማያውቁ ነግረውናል። እኛም ብንሆን ከዚህ በፊት ያየነው ከመኪና መስኮት ብቻ ነው።

ይህ ሰፈር በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ የፌዴራል መንግሥቱ ከባዶ መሬት ተነስቶ የገነባው ከተማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ሥራ ያጣ ሰው ሥራ እንዲያገኝ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ደህና ቤት እንዲኖረው ታስቦ ነው የተሠራው። እዚህ ላይ ግን መደበቅ የሌለበት ነገር አለ፦ ሲገነባ ጥቁር ሠራተኞችም ላባቸውን አፍስሰውበታል፤ ሲያልቅ እንዲኖሩበት የተፈቀደላቸው ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። ዛሬ እኛን ጨምሮ ከዓለም ዳርቻ የመጣ ሁሉ የሚኖርበት ከተማ ሆኗል።

ክሬሰንት መንገድ ቁጥር 15 ላይ የቀድሞው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አሁን የከተማው ኮሚዩኒቲ ሴንተር ነው። ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ቆማችሁ ግድግዳውን እዩት። ሌኖር ቶማስ ስትራውስ የምትባል ቀራፂ በድንጋይ ላይ የቀረጸቻቸው ትልልቅ ምስሎች አሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መግቢያ ነው በምስል የተቀረጸው፦ "እኛ ሕዝቦች" ብሎ የሚጀምረው። ለዜግነት ፈተና ያጠና ሁሉ እነዚያን የመጀመሪያ ቃላት በእንቅልፉም አይረሳቸውም። ወረቀት ላይ የሸመደድነውን ነገር ድንጋይ ላይ ሠራተኛ፣ ገበሬና ቤተሰብ ሆኖ ማየት ሌላ ስሜት አለው። የወንድማችን አማት፣ እሳቸው እንግሊዝኛ ብዙም አይሉ፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ እያዩ የራሳቸውን ትርጉም ሲሰጡ ሰምተናቸዋል። ከኛ ማብራሪያ የተሻለ ነበር።

ሕንፃው ውስጥ ከተማው ለሰዓሊዎችና ለሌሎች የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች የሰጣቸው የሥራ ክፍሎች አሉ። የሸክላ መሥሪያ ክፍልም አለው። ከወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከሰዓት በኋላ "አርትፉል አፍተርኑን" የሚሉት ዝግጅት አለ። በነፃ ነው። የባለሙያዎቹ በሮች ይከፈታሉ፤ ለልጅም ለአዋቂም በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር ይዘጋጃል። ሰዓቱና ዝግጅቱ ከወር ወር ሊለዋወጥ ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት የከተማውን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ ወይም ደውሉ። እሁድ መሆኑ ለኛ ሰው ይመቻል፦ ቅዳሴ አልቆ፣ ምሳ ተበልቶ ይደረሳል። በዲሴምበር ደግሞ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የጥበብና የእደ ጥበብ ገበያ ይካሄዳል። ለገና ስጦታ ከኦንላይን ከማዘዝ ይሻላል እንላለን።

አሁን መንገዱ። አንድ ነገር አደራ፦ ከግሪንቤልት ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ በእግር ለመሄድ እንዳትሞክሩ። ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል። ግን ከሁለት ማይል በላይ ነው፣ በመሃል ትልልቅ መንገዶች አሉ። ወደ ሩዝቬልት ሴንተር የሚያልፍ አውቶቡስ ከጣቢያው ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከጁን 29፣ 2025 ጀምሮ የሜትሮ አውቶቡሶች ስምና መስመር በሙሉ ተቀይሯል። ድሮ በለመዳችሁት "ጂ 12" እያላችሁ ብትጠብቁ አይመጣም። ስልካችሁ ላይ መድረሻውን "ግሪንቤልት ኮሚዩኒቲ ሴንተር" ብላችሁ አስገቡና የሚሰጣችሁን አዲሱን ስም ያዙ። እሁድ ደግሞ አውቶቡስ እንደ ሥራ ቀን አይመላለስም። እኛ የእሁዱን ሰዓት ሳናይ ወጥተን ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆመናል፤ ጥፋቱም የኛው ነው። መኪና ያላችሁ ደግሞ ችግር የለባችሁም፣ እዚያ ማቆሚያ በነፃ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትነሱ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ፎርት ቶተን ላይ ትወርዱና ወደ ግሪንቤልት የሚሄደውን አረንጓዴ ትይዛላችሁ። ፎርት ቶተን ላይ ሁለቱ መስመሮች ስለሚገናኙ ከጣቢያ መውጣት የለም። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ እስከ ባቡሩ ድረስ የሚያደርሳችሁ ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ሰመር ወዲህ ለሁሉም ነፃ ሆኗል።

አንዴ ሰፈሩ ከደረሳችሁ በኋላ ሁሉም ነገር በእግር ነው። ከተማው ሲነደፍ ሕፃናት የመኪና መንገድ ሳያቋርጡ ከቤት ትምህርት ቤት እንዲደርሱ ታስቦ ነበር። ስለዚህ ከመንገዱ በታች የሚያሾልኩ የእግረኛ መተላለፊያዎች አሉት። ጋሪ ለሚገፋ እናትም፣ ምርኩዝ ለያዘ አባትም ይመቻል። ከኮሚዩኒቲ ሴንተሩ ጥቂት ደቂቃ እንደተራመዳችሁ ሩዝቬልት ሴንተር የሚባለውን አደባባይ ታገኛላችሁ። እዚያ የዚያችው ቀራፂ ሥራ የሆነ የእናትና ልጅ ሐውልት አለ። በ1938 የተከፈተው ሲኒማ ቤት ዛሬም ይሠራል። ካፌም አለ፣ ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስተዳድሩት ግሮሰሪም አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ትልቁ ጉዞ፦ አሌክሳንድሪያ፣ የቶርፒዶ ፋብሪካ

ከስሙ እንጀምር። ቶርፒዶ ውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ መሣሪያ ነው። የዚህ ፋብሪካ ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12፣ 1918 ነው። ቀኑን ልብ አላችሁት? አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት! ጦርነቱ ሲያልቅ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ግንባታ ጀመሩ። ለጥቂት ዓመታት ቶርፒዶ ተሠራበት፣ ከዚያ መጋዘን ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እንደገና ተነቃነቀ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ለመንግሥት ዕቃና ሰነድ ማከማቻነት አገለገለ። በ1969 የአሌክሳንድሪያ ከተማ ገዛው። በ1974 ደግሞ ማሪያን ቫን ላንዲንግሃም የምትባል ሰዓሊ በመራችው ጥረት ለሰዓሊዎች ተሰጠና ለሕዝብ ተከፈተ። የተከማቸውን ቆሻሻ ራሳቸው ሰዓሊዎቹ ናቸው ጠርገው ያወጡት። ዛሬ ገብታችሁ ስታዩ መካከለኛው አዳራሽ ላይ አንድ አረንጓዴ ቶርፒዶ ተጋድሞ ታገኛላችሁ፣ ለማስታወሻ የተቀመጠ ነው። በዙሪያው ሥዕል፣ ሸክላ፣ ጌጣ ጌጥ፣ ሽመና፣ ፎቶግራፍ፣ የመስታወት ሥራ። ሦስት ፎቅ ሙሉ፣ ብዙዎቹ ክፍሎች በመስታወት ግድግዳ የተከለሉ በመሆናቸው ከኮሪደሩ ሆናችሁ ሰው ሲሠራ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ለወንድማችን የምንለው ይህን ነው፦ ይሄ ቦታ ኤግዚቢሽን ብቻ አይደለም። ሙዚየም ስትሄዱ ያለቀ ሥራ ነው የምታዩት። እዚህ ግን ቀለም ያልደረቀ ሸራ፣ ተሰንጥቆ የተጣለ ማሰሮ፣ "ይሄ አልሆነም" ተብሎ ግድግዳ ላይ ዞሮ የቆመ ሥዕል ይታያል። ለምትማር ልጅ ከተሳካው ይልቅ ያልተሳካው ነው የሚያስተምራት።

አደራረሱ እንዲህ ነው። ከግሪንቤልት አረንጓዴውን መስመር ትይዛላችሁ። ላንፋንት ፕላዛ ላይ ትወርዱና ወደ ሃንቲንግተን የሚሄደውን ቢጫ መስመር ትቀጥላላችሁ። ከላንፋንት ፕላዛ በኋላ ባቡሩ ከመሬት በታች ይወጣና ፖቶማክን በድልድይ ያቋርጣል። በዚያች ደቂቃ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ፤ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ በቀኝም በግራም የሚታይ ነገር አለ። ኪንግ ስትሪት ኦልድ ታውን የሚባለው ጣቢያ ላይ ውረዱ። ከግሪንቤልት እስከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ያዙለት።

ከጣቢያው እስከ ወንዙ አንድ ማይል ያህል ነው። ቁልቁል ስለሆነ ወጣቶች በእግር ይሄዱታል፣ መንገዱም በሱቅና በአሮጌ ቤት የተሞላ ነው። እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ግን ከጣቢያው ፊት ለፊት በኪንግ ስትሪት የሚመላለሰውን ትሮሊ ጠብቁ። ትሮሊው በነፃ ነው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ዳሽ አውቶቡሶችም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ሁሉም ነፃ ናቸው። ስለዚህ በምዕራብ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ሴሚናሪ መንገድ አካባቢ፣ ሳንቲም ሳታወጡ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። የኪንግ ስትሪት መጨረሻ ወንዙ ነው። ፋብሪካው እዚያው ነው፣ ኖርዝ ዩኒየን ስትሪት ቁጥር 105። መኪና ይዛችሁ የምትሄዱ በማቆሚያ ዋጋ እንደምትማረሩ ከወዲሁ እወቁት።

ክፍያውን እንንገራችሁ። ከ2024 ሰመር ወዲህ ቅዳሜና እሁድ በባቡር የትም ብትሄዱ አንድ ጉዞ ከ2 ዶላር ከ25 ሳንቲም እስከ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን እንደ ርቀቱ እስከ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከግሪንቤልት እስከ አሌክሳንድሪያ ለመሄድ ቅዳሜና እሁድን ምረጡ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስማርትሪፕ ካርድ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው ማስገባት አይቻልም። ከሜይ 2025 ጀምሮ የባንክ ካርድንም በሩ ላይ አስነክቶ መግባት ይቻላል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ እናቶችና አባቶች የአረጋውያን ካርድ ካወጡ ግማሽ ነው የሚከፍሉት። ካርዱን በየአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ማግኘት ይቻላል፣ መታወቂያ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ይህን ስንነግራቸው "አምስት ዓመት ሙሉ ሙሉውን ስከፍል!" ያሉን አባት አሉ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። እስከ ግሪንቤልት ጣቢያ በመኪና ሄዳችሁ ባቡር ለመያዝ ብታስቡም፣ ቅዳሜና እሁድ የሜትሮ ማቆሚያ በነፃ ነው።

ሕንፃው የሚከፈተው ከጠዋቱ በኛ 4 ሰዓት፣ በነሱ 10 ሰዓት ነው። (የሰዓት ነገር እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖረንም አልለቀቀንም። ዘመድ ስትቀጥሩ "በየትኛው አቆጣጠር?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዲት እህታችን በኛው 4 ሰዓት የተቀጠረችውን በፈረንጁ 4 ሰዓት መጥታ ሰው አጥታ ተመልሳለች።) ሕንፃው ክፍት ሆነ ማለት ሁሉም ክፍል ክፍት ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ገና በተከፈተ ሰዓት ብትሄዱ የተዘጋ በር ይበዛባችኋል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ የተሻለ ነው። አሳንሰር አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የከተማው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም አለ፤ ከአሌክሳንድሪያ መሬት ሥር ተቆፍሮ የወጣ ዕቃ ታዩበታላችሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ

ባቡር ብቻ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም የሚቀለው ብሩክላንድ ነው። ከግሪንቤልት አረንጓዴውን እስከ ፎርት ቶተን፣ ከዚያ ወደ መሃል ከተማ የሚሄደውን ቀይ መስመር ይዞ አንድ ጣቢያ ብቻ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ መቀየርም የለውም። ከጣቢያው እንደወጣችሁ "አርትስ ዎክ" የሚባል የእግረኛ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ከሃያ በላይ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ናቸው። አንዳንዱ ቀን ጭር ይላል፣ ቅዳሜ ሂዱ።

ሃያትስቪል ውስጥ ፒራሚድ አትላንቲክ የሚባል የኅትመትና የወረቀት ጥበብ ማዕከል አለ። ድሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፣ በ2016 ነው ወደ ሃያትስቪል የሄደው። ወረቀት ከጭቃ መሰል ነገር ተነስቶ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ፣ መጽሐፍ በእጅ ሲሰፋ ማየት የሚፈልግ እዚያ ይሂድ። ብራና የሚያውቅ የቤተ ክህነት ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ ወሬው ይደምቃል። ከዚያ ወደ ደቡብ በሮድ አይላንድ አቬኑ በኩል ብሬንትዉድና ማውንት ሬይኒየር ድረስ የሰዓሊዎች መንደር ነው። በየዓመቱ በሜይ ወር ስቱዲዮዎቹ በአንድ ቀን በራቸውን ለጎብኚ የሚከፍቱበት ዝግጅት አለ። ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ይርቃል፣ አውቶቡስ መጨመር አለባችሁ። ከግሪንቤልት በመኪና ግን ቅርብ ነው።

ሎርተን፣ ቨርጂኒያ ያለው የቀድሞ እስር ቤት ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል። ቦታው ግሩም ነው። ግን ያለ መኪና አንመክራችሁም፣ ቀናችሁ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከገባችሁ በኋላ

ከመንገዱ ይልቅ ብዙዎቻችንን የሚያስፈራን ይሄኛው ነው። "ሳልገዛ ብወጣ ምን ይሉኛል?" "እንግሊዝኛዬ…" "ለብሼ ልሂድ ወይስ እንዲሁ?" የሚሉ ጥያቄዎች ሰምተናል። እንዲሁ ሂዱ። ሰዓሊዎቹ ራሳቸው ቀለም የነካካ ልብስ ነው የለበሱት።

በሩ ክፍት ከሆነ መግባት ይቻላል ማለት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ እየሠራ ከሆነ "ሃሎ" በሉና ቀና እስኪል ጠብቁ። አገር ቤት ሰው ቤት ስንገባ "ቤቶች!" እንደምንለው ማለት ነው። ቀና ብሎ ፈገግ ካለ ግቡ። "ትንሽ ይቅርታ" ካለ ደግሞ አትቀየሙት፣ አፍታ የማይሰጥ ሥራ ይዞ ይሆናል።

መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ማንም አይጠብቅባችሁም። ግን መክሰስ እየበሉ አይገባም፤ በጣትም አይነካም። የኛ ሰው ጨርቅ ሲያይ በእጁ ዳሰስ ካላደረገ አያምንም። ሽመናው ክፍል ስትገቡ እማማን ቀድማችሁ ንገሯቸው! ፎቶና ቪዲዮ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። እኛም ለቪዲዮው ስንጠይቅ እምቢ ያሉን ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ያላለቀ ሥራ ስለነበራቸው ነው።

ስለ ዋጋ። መርካቶ አይደለም፣ "በግማሹ ስጠኝ" አይባልም። ዋጋው ከበዛባችሁ "ከዚህ አነስ ያለ ሥራ አለህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አብዛኞቹ የሥዕላቸውን ትንሽ ኅትመት ወይም የሰላምታ ካርድ ይሸጣሉ። በየወሩ ከፍሎ መጨረስ ይቻል እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ሐሳባችንን እንናገር፦ ሳሎናችን ውስጥ ፋብሪካ ያተመውን አንበሳና ፋሲል ግንብ በብዙ ዶላር ሰቅለናል። በዚያው ገንዘብ በሕይወት ያለ ሰው እጁ ያረፈበትን ሥራ መግዛት ይቻል ነበር።

ምን እንጠይቅ ለምትሉ፦ "ይሄን ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ወሰደ?"፣ "መጀመሪያ ምን ትሠራለህ፣ ከዚያስ?"፣ "የት ተማርክ?" እነዚህ በቂ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ እነሱ ራሳቸው ያወራሉ። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነው የሚውሉት፣ ጥያቄ ይወዳሉ። ለወንድማችን ልጅ ደግሞ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ጨምረንላት ነበር፦ "ኪራይህን በምን ትከፍላለህ?"

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም

አዲስ አበባ ላደገ ሰው የሰዓሊ ቤት መጎብኘት አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አልፋ ቪላ ብለው በሰየሙት ቤታቸው ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪያርፉ ድረስ፣ በቀጠሮ ጎብኚ ይቀበሉ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ላይ ሰው ያስተናግዳል።

እዚህ ዋሺንግተንም ቢሆን ታሪካችን ትናንት የጀመረ አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ድረስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ያረፈውም በዚሁ ከተማ ነው። ከሱ የተማሩት፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን የመሳሰሉት፣ የግዕዝ ፊደልን ሸራ ላይ አውጥተው ለዓለም አሳይተዋል። ሃዋርድ የተማረችው ሰዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ሶማሊያ ውስጥ ለዓመታት እስረኛ ሆና የቆየች ናት። እስክንድርና ከበደች አንድ ላይ ሆነው "ኔክሰስ" የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ ለዋሺንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል፤ 2001 ላይ ነው። ኤምባሲው ቫን ነስ ከሚባለው ቀይ መስመር ጣቢያ አጠገብ ነው። ለፓስፖርትም ለውክልናም ስትሄዱ ሰልፉን ብቻ አትዩ፣ እሱንም እዩት። ሃዋርድ ደግሞ ከግሪንቤልት ባቡር ሳይቀየር፣ በአረንጓዴው መስመር ሾው ሃዋርድ ጣቢያ ላይ ነው የሚወረደው። አርባ ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

ዛሬም ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ ቤዝመንት ውስጥ የሚስሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለእነሱ የምንለው፦ ግሪንቤልትም ቶርፒዶ ፋብሪካም ቦታ የሚሰጡት በማመልከቻ ነው፣ ሥራችሁ ታይቶ ነው። ማን አወቀኝ ብሎ ቁጭ ማለት አያዋጣም። መጀመሪያ እንደ ጎብኚ ሂዱ፣ ያሉትን ሰዎች እንዴት እንደገቡ ጠይቁ፣ የማመልከቻውን ጊዜ ያዙ።

ልጅቷስ?

ልጅቷ፣ እናቷና አያቷ መጀመሪያ ግሪንቤልት ሄዱ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ። አባትየው የመጨረሻውን ሰው ወንዙ ዳር አውርዶ መተግበሪያውን አጥፍቶ ገባ። ስድስት ዓመት በሩ ላይ የቆመው ሰው በመጨረሻ ደረጃውን ወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዓሊ ነበሩ። ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ያንን ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። ከዚያ በግልጽ ነገሯት፦ በሥዕል ሽያጭ ብቻ አይኖሩም። ማታ ማታ ያስተምራሉ፣ ለመጽሐፍ ሥዕል ይሠራሉ፣ ወጣት እያሉም ለብዙ ዓመታት ቢሮ ተቀጥረው ሠርተዋል። አባትየው "አየሽ!" አለ። እናትየው ደግሞ "አየህ!" አለች። ሁለቱም ከአንዱ መልስ የየራሳቸውን ይዘው ወጡ።

ለመረጃ ያህል፣ በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ሱትላንድና ኖርዝዌስተርን ሃይስኩሎች ውስጥ የሥነ ጥበብ ፕሮግራም አለ። ለመግባት ተፈትኖ ነው፣ የሥራዎቿን ስብስብ ማሳየት አለባት። ትምህርቱ የሕዝብ ትምህርት ቤት ስለሆነ ክፍያ የለውም፤ ሌላውም ትምህርት፣ ሒሳቡም ሳይንሱም፣ አይቀርም። ልጅ ያላችሁ የማመልከቻውን ቀን ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠይቁ፣ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ነው።

ትናንት ስንደውልለት ክርክሩ እንዳላለቀ ነገረን። ልጅቷ ግን አያቷን ሞዴል አድርጋ ሦስት ሥዕል ጨርሳለች። አያትየው "አፍንጫዬን አስረዘመችው" እያሉ ቅሬታ አቅርበዋል። የሚቀጥለው የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ ግሪንቤልት ይሄዳሉ፤ ሸክላ ክፍሉን እሳቸው ናቸው ማየት የፈለጉት። ጀበና ይሠሩ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው።